በስማችን የሚጻፈው የብድር መዝገብ፤ ስህተቱን የሚያርመው ማን ነው?

«ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የተነገረው ሰው ሞቶ ስለሚቀረው ዝና ቢሆንም ዛሬ ሰው በሕይወት እያለ ስሙ ከእሱ ተነጥሎ ብቻውን የሚውልበት ዘመን ላይ ደርሰናል። በተለይ በአሜሪካ ለሚኖረው ወገናችን ቤት የሚያስገዛው ወይም የሚያስከለክለው፣ የመኪናውን ወለድ የሚያበዛው ወይም የሚያሳንሰው፣ አንዳንዴም ሥራ ከመቀጠሩ በፊት የሚታየው ስሙ የተጻፈበት አንድ ፋይል ነው። ይኸውም የክሬዲት ሪፖርት የሚባለው ነው። ፋይሉን የሚጽፉት ሌሎች ናቸው፤ የሚሸጡትም ሌሎች ናቸው፤ በስህተቱ የሚቀጣው ግን ባለስሙ ነው።

ነገሩን ከቅርብ በማውቀው ታሪክ ልጀምር። ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ስማቸውን ቀይሬ ታላቁን ብርሃኔ፣ ታናሹን ብርሃኑ እንበላቸው። በሜሪላንድ ግዛት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ አፓርታማ አብረው ኖረዋል። ታናሹ በዱቤ የገዛውን አሮጌ መኪና መክፈል አቅቶት መኪናው ተወሰደበት፤ ቀሪው ዕዳም ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ተላለፈ። ዓመታት አልፈው ታላቁ ወንድም ትዳር ይዞ፣ ገንዘብ ቆጥቦ፣ ቤት መርጦ በየካቲት ወር ለቤት ብድር ሲያመለክት «ያልተከፈለ የመኪና ዕዳ አለብህ» ተባለ። እሱ በሕይወቱ በብድር መኪና ገዝቶ አያውቅም። ወዲያው የጠረጠረው ወንድሙን ነው፤ «በስሜ ፈርሞ ነው» አለ። ታናሹ ደግሞ «ታላቄ ሌባ አደረገኝ» ብሎ አኮረፈ። ወንድማማቾቹ ያን ዓመት ፋሲካን ሳይጠያየቁ አሳለፉ።

እውነቱ የወጣው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። ማንም በማንም ስም አልፈረመም። የአባት ስም አንድ፣ የድሮ አድራሻ አንድ፣ የመጀመሪያው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ልዩነቱ አንዲት የመጨረሻ ሆሄ ብቻ ስለሆነች የመረጃ ማዛመጃው ፕሮግራም ሁለቱን ሰዎች እንደ አንድ ሰው ቆጥሯቸው ነበር። መዝገቡ ተስተካከለ፤ ቤቱ ግን ከወር በፊት ለሌላ ተሸጦ ነበር።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጋዜጣ ትንታኔ ባልበቃ ነበር። ነገር ግን ስህተቱ የሚመነጨው ከአሠራሩ ነው፤ የእኛ የስም አወጣጥ ደግሞ ለዚህ ስህተት ከሌሎች ይበልጥ ያጋልጠናል። ስለዚህ አሠራሩን፣ ሕጉንና መፍትሔውን በቅደም ተከተል ማየቱ ተገቢ ይሆናል።

መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው?

በአሜሪካ የብዙኃኑን የብድር ታሪክ የሚይዙት ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የተባሉ ሦስት የግል ኩባንያዎች ናቸው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ፤ አይደሉም፤ ለትርፍ የቆሙ ነጋዴዎች ናቸው። ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ድርጅቶች፣ የመኪና አበዳሪዎችና ዕዳ ሰብሳቢዎች ስለ ደንበኞቻቸው አከፋፈል በየወሩ መረጃ ይልኩላቸዋል፤ እነሱ ደግሞ መረጃውን በየሰው ፋይል አቀናብረው መልሰው ለአበዳሪዎች ይሸጣሉ። የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፋይል እንዳላቸውና በየወሩ ከ1.3 ቢሊዮን በላይ የሂሳብ መረጃዎች እንደሚገቡ ገልጾ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ጉዳይ አለ። የእነዚህ ድርጅቶች ገንዘብ ከፋይ ደንበኛ በዋናነት አበዳሪው ነው እንጂ ፋይሉ የተከፈተበት ሰው አይደለም። ነጋዴ ለደንበኛው እንደሚያደላ ደግሞ የታወቀ ነው። አበዳሪው የማይፈልገው ስህተት ዕዳ ያለበት ሰው ዕዳ የሌለበት መስሎ መታየቱን ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው ባለዕዳ መስሎ ቢታይ አበዳሪው የሚያጣው አንድ ደንበኛ ብቻ ነው፤ ሌላ ያገኛል። ከሳሪው ባለስሙ ብቻ ይሆናል።

ከእኛ እቁብ ጋር ቢነጻጸር ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። የእቁብ ጸሐፊ ደብተሩን የሚገልጠው በየሳምንቱ አባላቱ በተሰበሰቡበት ነው። «አልከፈልክም» የተባለ ሰው እዚያው ቆሞ «ከፍያለሁ፣ እገሌ ምስክሬ ነው» ይላል፤ ዳኛው ይሰማል፤ ደብተሩ ይታረማል። የክሬዲት መዝገብ ግን ባለስሙ በሌለበት ይጻፋል፤ በሌለበት ይነበባል፤ በሌለበትም ይፈረድበታል። ባለስሙ ራሱ ካልጠየቀ በቀር «ና፣ ይህን ጽፈንብሃል፣ እውነት ነው?» የሚለው የለም።

የስህተቱ ስፋት

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ያደረገው ጥናት 1,001 ሰዎችን በሦስቱም ቢሮዎች ካላቸው ሪፖርት ጋር አንድ በአንድ ያመሳከረ ነበር። ከአምስት ሰዎች አንዱ በቢሮዎቹ ራሳቸው ታምኖ የታረመ ስህተት ቢያንስ በአንዱ ሪፖርቱ ላይ ተገኝቶበታል። አምስት በመቶ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ስህተቱ ለብድር የበለጠ ወለድ ሊያስከፍል የሚችል ከባድ ነበር።

በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል ነው? 400 ሺህ ዶላር የቤት ብድር በ30 ዓመት የሚከፍል ሰው በ6.5 በመቶ ወለድ ቢበደር በወር 2,528 ዶላር ያህል ይከፍላል። በተበላሸ ክሬዲት ምክንያት 7.5 በመቶ ቢጠየቅ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 2,797 ዶላር ያድጋል። ልዩነቱ በወር 269 ዶላር ቢመስልም በ30 ዓመት ሲባዛ ወደ 97 ሺህ ዶላር ይጠጋል። በአንዲት ሆሄ ስህተት የአንድ ልጅ የኮሌጅ ወጪ ሄደ ማለት ነው።

ገንዘብ ብቻም አይደለም። ሰርጂዮ ራሚሬዝ የተባለ የካሊፎርኒያ ነዋሪ እ.ኤ.አ. በ2011 መኪና ሊገዛ ሄዶ ሻጮቹ «ስምህ በአሸባሪዎች ዝርዝር ውስጥ አለ» ብለው መኪናውን ለባለቤቱ ብቻ ሸጡላት። ትራንስዩኒየን የመንግሥትን የማዕቀብ ዝርዝር ከደንበኞች ፋይል ጋር ያመሳከረው የመጀመሪያና የቤተሰብ ስምን ብቻ በማየት ነበር፤ የልደት ቀን እንኳ አላስተያየም። ከእሱ ጋር 8,185 ሰዎች ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በፋይላቸው ላይ ሰፍሮ ተገኘ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በአምስት ለአራት ድምፅ የመካስ መብት የተሰጠው ሪፖርታቸው ለሦስተኛ ወገን ለተላከባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ ነው። የቀሩት በፋይላቸው ላይ ስህተት ቢኖርም ገና ለሌላ ስላልተላከ ጉዳት አልደረሰባቸውም ተባለ። በአጭሩ ፍርዱ መዝገብ ላይ የተቀመጠ ስህተት ብቻውን ለካሳ አያበቃም ማለት ነው። ከዚህ ፍርድ በኋላ ስህተቱ ለሰው ከመድረሱ በፊት ፈልጎ ማግኘት ይበልጥ የባለስሙ የራሱ ሥራ ሆኗል።

የእኛ ስም ለምን ይበልጥ ይሳሳታል?

የምዕራቡ ዓለም ፎርም የተሠራው የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለንም። በአንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ በሌላው ደግሞ የአያት ስም ይገባና የአባት ስም መካከለኛ ስም ሆኖ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይሆናል፤ ወይም ፋይሉ ለሁለት ይከፈልና ለአሥር ዓመት በትክክል የከፈለው ታሪክ በማይታየው ግማሽ ውስጥ ይቀበራል።

ሁለተኛው ችግር አጻጻፉ ነው። ፀ፣ ጨ፣ ጠ እና ቀ በላቲን ፊደል ቁርጥ ያለ አቻ ስለሌላቸው አንድ ስም በመንጃ ፈቃድ፣ በባንክ ደብተርና በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ላይ በሦስት መልክ ተጽፎ ማየት የተለመደ ነው። ገብረ መድኅን፣ ወልደ ማርያም፣ ተክለ ሃይማኖት የመሳሰሉት ስሞች ደግሞ ለሁለት ይቆረጡና ሰውዬው አንዴ «አቶ ማርያም»፣ ሌላ ጊዜ «አቶ ወልደ» ሆኖ ይመዘገባል።

ሦስተኛው የልደት ቀን ነው። ከኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር ወደ ፈረንጅ ሲመለስ ዓመቱም ወሩም የሚዛባ አለ። በስደት የሄዱ በርካቶች ደግሞ ትክክለኛ ማስረጃ ስላልነበራቸው የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ስማቸው የሚመሳሰል፣ የልደት ቀናቸው አንድ የሆነ፣ በአንድ ሕንፃ የኖሩ ሁለት ሰዎችን ኮምፒዩተር ቢያደባልቃቸው ሊያስደንቅ አይገባም። በሕጉ ዓይን ግን ይህ ሰበብ አይሆንም።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው የፌር ክሬዲት ሪፖርቲንግ ሕግ ቢሮዎቹ «በተቻለ መጠን ከፍተኛ ትክክለኛነት» እንዲኖር የሚያስችል ተገቢ አሠራር እንዲከተሉ ያስገድዳል። ከዚህም ሌላ ለባለስሙ የሚከተሉትን መብቶች ሰጥቶታል።

የመጀመሪያው የማየት መብት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ማሻሻያ እያንዳንዱ ሰው ከሦስቱም ቢሮዎች በዓመት አንድ ጊዜ ሪፖርቱን በነፃ እንዲያገኝ ተደነገገ። በኮቪድ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2020 ቢሮዎቹ በየሳምንቱ በነፃ መስጠት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ይህ ቋሚ እንደሚሆን ተገለጸ። ትክክለኛው የማመልከቻ ቦታ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም የተባለው ድረ ገጽ ወይም 1-877-322-8228 የስልክ ቁጥር ነው። ስሙ የሚመሳሰል፣ ክሬዲት ካርድ ቁጥር የሚጠይቅ ድረ ገጽ ከገጠመዎ እሱ አይደለም።

ሁለተኛው የመከልከያን ምክንያት የማወቅ መብት ነው። በሪፖርቱ ምክንያት ብድር፣ መድን፣ ቤት ኪራይ ወይም ሥራ የከለከለ ድርጅት የትኛውን ቢሮ እንደተጠቀመ መግለጽ አለበት፤ ባለስሙም በ60 ቀን ውስጥ ያንን ሪፖርት በነፃ መጠየቅ ይችላል።

ሦስተኛው የማረም መብት ነው። አቤቱታ የደረሰው ቢሮ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ መረጃውን ለላከው ድርጅት ማሳወቅ፣ በ30 ቀናት ውስጥም ማጣራት አለበት። አንዳንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ አመልካቹ በመካከሉ ተጨማሪ ማስረጃ ሲልክ፣ ቀነ ገደቡ እስከ 45 ቀን ይራዘማል። ሊረጋገጥ ያልቻለ መረጃ መሰረዝ ወይም መታረም አለበት። እዚህ ላይ «ሊረጋገጥ ያልቻለ» የሚለውን ቃል ያጤኗል። በሕጉ መሠረት መረጃውን ማረጋገጥ ያለባቸው ቢሮውና አበዳሪው ናቸው።

በተግባር ግን ሸክሙ ወደ ባለስሙ ይዞራል። ቢሮዎቹ አቤቱታውን ኢ-ኦስካር በሚባል የኮምፒዩተር ሥርዓት አማካይነት ወደ አጭር ኮድ ለውጠው ለአበዳሪው ይልካሉ። ሦስት ገጽ ሙሉ የተጻፈ እሮሮ «የእኔ አይደለም» ወደሚል አንድ ቁጥር ይጠቀለላል። አበዳሪው የራሱን ኮምፒዩተር አይቶ «በእኛ መዝገብ ልክ ነው» ይላል፤ ቢሮውም «ተረጋግጧል» የሚል ደብዳቤ ይልካል። ሁለት መዝገቦች አንዱ የሌላው ግልባጭ ሆነው ሳለ አንዱ ለሌላው ምስክር ሆነ ማለት ነው። ብርሃኔም በኢንተርኔት ላቀረበው የመጀመሪያ አቤቱታ ያገኘው መልስ ይኸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ኢኩፋክስ የሰዎችን ማስረጃ በአግባቡ ሳይመለከት አቤቱታ በመዝጋቱና ቀደም ሲል የተሰረዘ ስህተት ተመልሶ እንዲገባ በማድረጉ 15 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አዟል። ከዚያ ቀደም ሲል ጁሊ ሚለር የተባለች የኦሪገን ነዋሪ ፋይሏ ከሌላ ጁሊ ሚለር ጋር ተደባልቆ ለሁለት ዓመት ያህል ደጋግማ ብታመለክትም ስላልታረመላት ከሳ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳኞች 18.6 ሚሊዮን ዶላር ፈርደውላት ነበር። ከዚህ ውስጥ የቅጣት ካሳው በኋላ ወደ 1.62 ሚሊዮን ተቀንሷል። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ የሆነ፣ ተወልዳ ባደገችበት አገር የምትኖር ሴት ይህን ያህል ከተንገላታች የእኛ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ለቢሮዎቹም ፍትሐዊ እንሁን። «ክሬዲት እናጸዳለን» የሚሉ ነጋዴዎች ትክክለኛውን ዕዳ ሁሉ «የእኛ አይደለም» እያሉ በጅምላ አቤቱታ ያጎርፉባቸዋል። በዚህ መካከል የእውነተኛው ተበዳይ ደብዳቤ በሐሰተኞቹ ክምር ውስጥ ይጠፋል። ይህ ግን ደብዳቤውን በሚገባ አዘጋጅቶ መላክ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳ እንጂ ቢሮዎቹን ከግዴታቸው ነፃ የሚያወጣ አይደለም።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ብድር ከመጠየቅ በፊት ቢያንስ ሦስትና አራት ወር አስቀድሞ የሦስቱንም ቢሮዎች ሪፖርት ማውጣት ነው። አንዱ ቢሮ ያለው ስህተት በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል። ብዙ ሰው በቀጥታ ወደ ዕዳው ዝርዝር ያልፋል፤ መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን የሰፈረበት ክፍል ነው። ብርሃኔ ፋይሉን በጥሞና ሲያይ የወንድሙ ስም «በዚህም ስም ይታወቃል» በሚለው መስመር ላይ ተጽፎ፣ የማያውቀው ሁለተኛ የልደት ቀንም ገብቶ አገኘ። የስህተቱ ሥር ያ ነበር። ሥሩ ሳይነቀል አንዱ ዕዳ ቢሰረዝ በሚቀጥለው ወር ሌላው ይበቅላል።

ሁለተኛ፣ አቤቱታው በጽሑፍ፣ በአደራ ደብዳቤ፣ የመቀበያ ማረጋገጫ ተይዞ ቢላክ ይመረጣል። በኢንተርኔት መላክ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ማስረጃን ዘርዝሮ ለማቅረብ አይመችም። ደብዳቤው አጭርና ግልጽ ይሁን፤ የትኛው ሂሳብ፣ ምኑ ስህተት እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ ይግለጽ። የመታወቂያ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድና የአድራሻ ማስረጃ ቅጂ ይያያዝ፤ ዋናው ሰነድ በፍጹም አይላክ። የስም ጉዳይ ከሆነ «በእኛ ባህል የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም፤ ወንድሜ እገሌ ሌላ ሰው ነው» ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ለአበዳሪው ቅጂ መላክ መልካም ቢሆንም አቤቱታውን ለቢሮው ማቅረብ ግን የግድ ነው። ምክንያቱም አበዳሪው በአግባቡ ሳያጣራ ቢቀር ግለሰብ በፌዴራል ሕጉ ሊከሰው የሚችለው አቤቱታው በቢሮው በኩል የደረሰው እንደሆነ ነው። ለባንኩ ብቻ ስልክ እየደወሉ ዓመት መፍጀት መብትን ያስቀራል።

አራተኛ፣ «ተረጋግጧል» የሚል መልስ ከመጣ ተስፋ አይቆረጥም። ቢሮው እንዴት እንዳረጋገጠ መጠየቅ ይቻላል፤ በ15 ቀን ውስጥ ሊመልስ ይገባል። አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና ማመልከት፣ ለሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ፣ ለግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይቻላል። እርግጥ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2025 የዚህን የጥበቃ ቢሮ የበጀት ጣሪያ ከ12 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ስለቀነሰው እንደ ቀድሞው ይበረታል ብሎ መተማመን ይከብዳል። የመጨረሻው አማራጭ ጠበቃ ነው። አሸናፊ ከሳሽ የጠበቃ ወጪውን ከተሸናፊው እንዲያገኝ ሕጉ ስለሚፈቅድ ያለ ቅድሚያ ክፍያ የሚይዙ ጠበቆች አሉ። የይርጋው ጊዜ ጥሰቱ ከታወቀ ሁለት ዓመት፣ ከተፈጸመ ደግሞ አምስት ዓመት ነው፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይገዛል።

አምስተኛ፣ ስህተቱ ሲታረም ባለፉት ስድስት ወራት ሪፖርቱን ለወሰዱ ሁሉ እርማቱ እንዲላክ ቢሮውን መጠየቅ ይቻላል። ቤት በመግዛት ላይ ያለ ሰው ደግሞ አበዳሪውን «ራፒድ ሪስኮር» እንዲያስደርግለት ቢጠይቅ ውጤቱ ወር ሳይጠብቅ በቀናት ውስጥ ሊታደስ ይችላል። ብርሃኔ ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ምናልባት ከሁለተኛው ቤት ፍለጋ ይድን ነበር።

ማንነትን ሰርቆ በሌላ ሰው ስም የተበደረ ካለ ግን አካሄዱ ይለያል። በፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በኩል የስርቆት ሪፖርት ተሞልቶ ከማንነት ማረጋገጫ ጋር ሲቀርብ ቢሮው በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ መረጃውን ማገድ አለበት። «ፍሪዝ» የሚባለው አዲስ ብድር በስም እንዳይከፈት የሚያደርገው ቁልፍም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2018 ጀምሮ በነፃ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኢኩፋክስ ተሰብሮ የ147 ሚሊዮን ሰዎች መረጃ ከወጣ ወዲህ ፋይሉን የሚቆልፈው ሰው በዝቷል።

አንድ ማሳሰቢያ መጨመር ያስፈልጋል። በየማኅበረሰባችን መሰብሰቢያ «ክሬዲትህን በወር ውስጥ አጸዳልሃለሁ» የሚሉ፣ አንዳንዶቹም የራሳችን ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑ ደላሎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ እንዲህ ያለ ድርጅት ሥራውን ሳይፈጽም ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። እውነተኛ ዕዳን ማንም ሊያሰርዝ አይችልም፤ በአብዛኛው ሰባት ዓመት፣ የኪሳራ መዝገብ ደግሞ እስከ አሥር ዓመት ይቆያል። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፈንታ ሌላ ዘጠኝ አሃዝ ቁጥር እሰጥሃለሁ የሚል ካለ የሚሸጠው ወንጀል ነው። ስህተትን ማሳረም ግን ከፖስታ ቤት ክፍያ በቀር ወጪ የለውም።

ወደ አገር ቤትስ?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ የሚመስለው አንባቢ ሊኖር ይችላል። ግን አይደለም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተበዳሪዎችን መረጃ የሚለዋወጡበትን መመሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የብድር መረጃ ማዕከሉ በአዲስ መመሪያ ተጠናክሯል። ዛሬ ከባንክ ብድር የሚጠይቅ ሰው በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አማካይነት በሌላ ባንክ ያለው ዕዳ ይታያል። የዋስትና ማስያዣ ያለው ነጋዴ ብቻ ሲበደር የዚህ መዝገብ ስፋት ጠባብ ነበር። አሁን ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረውን የቴሌብር መላን የመሳሰሉ ያለ ማስያዣ በስልክ የሚሰጡ ብድሮች ተስፋፍተዋል። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ደግሞ ለውጭ ባንኮች በሩን ከፍቷል። ማስያዣው ቤትና መኪና መሆኑ እየቀረ በሄደ መጠን ማስያዣ የሚሆነው የሰውየው ታሪክ፣ ማለትም መዝገቡ ነው።

የስም ችግሩ እዚህም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ እየተለዋወጡ በሚጻፉበት አገር አንድ ሰው በቀበሌ መታወቂያ፣ በመለያ ቁጥሩና በባንክ ደብተሩ ላይ ሦስት ዓይነት ስም ሊኖረው ይችላል። ፋይዳ የተባለው ዲጂታል መታወቂያ ይህን ለማቃለል ተስፋ ይሰጣል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ከተሳሳተ ሂሳብ ጋር አንዴ ከተያያዘ ስህተቱም የዚያኑ ያህል ጸንቶ ይቆያል።

ደግነቱ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት እንዳለው ደንግጓል። መብት በወረቀት ላይ መስፈሩ ግን ጅምሩ ነው። አሜሪካ ሕጉን ካወጣች ከ50 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ የብርሃኔ ዓይነት ታሪክ ግን አልቀረም። ከዚያ ልምድ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። ባለስሙ መዝገቡን ያለ ደላላና ያለ ክፍያ በቀላሉ ማየት መቻል አለበት። አቤቱታ ቀነ ገደብ ይኑረው። ከሁሉም በላይ «ተረጋግጧል» የሚለው መልስ ከምን ተነሥቶ እንደተረጋገጠ የሚያስረዳ ይሁን። ባንክ ብድር ሲከለክል በመዝገቡ ምክንያት መሆኑን ለአመልካቹ በጽሑፍ ቢነግረው ብቻ እንኳ ብዙ ስህተት ገና በጊዜው ይያዛል።

እስከዚያው ድረስ ግን መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ፣ ሳይጠየቅ የሚታረም መዝገብ የለም። ሁለቱ ወንድማማቾች ዛሬ ታርቀዋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ሪፖርታቸውን አውጥተው ጎን ለጎን አስቀምጠው ያስተያያሉ። ታናሹ የድሮውን የመኪና ዕዳ በድርድር ከፍሎ ጨርሷል። ታላቁ ግን አሁንም የሚቆጨው ከቤቱ ይልቅ ወረቀቱን ሳያይ በወንድሙ ላይ የተናገረው ቃል እንደሆነ ይናገራል።